ከዜሮው ሥር የገባችው ቅጠል

ዛሬ ጠዋት በገዛ እጄ የጻፍኩትን ሕግ በገዛ እጄ ጣስኩ። ሕጉ ብረት ከምንበሳበት የፍሬዛ ማሽን በላይ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል። «ሰሌዳው በጨርቁ ሳይጠረግ ሥራ አይጫንም። ጫት ከበሩ ወዲያ!» ይላል። ያንን ቃለ አጋኖ ብቻ ለማድመቅ ሁለት ጊዜ መሰላል ላይ ወጥቻለሁ። በዚህ ዕድሜዬ አንገቴን ሰብሬ ለሌላ ሰው የሰቀልኩት ማስጠንቀቂያ ለካ ለራሴ ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቤት ስወጣ አንዲት ቀንበጥ ጫት በቱታዬ የደረት ኪስ ውስጥ ሸጎጥኩ። ለከሰዓት ናት። ከምሳ በፊት አልነካትም ብዬ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ፤ ቃሌንም ጠብቄያለሁ። እኔ አልነካኋትም፤ እሷ ናት የነካችኝ። ጎንበስ ብዬ የብረቱን ሰሌዳ ማሽኑ ላይ ሳስቀምጥ አንዲት ቅጠል ከነዘንጓ ከኪሴ ሹልክ ብላ ወርዳ ከሥሩ ገባች። አላየኋትም። መነጽሬ ግንባሬ ላይ ነበር፤ ግንባሬ ደግሞ ማየት አይችልም። ጨርቁን ማንሳት ሲገባኝ በመዳፌ ጠረግ ጠረግ አደረግኩና «ንጹሕ ነው» ብዬ ፈረድኩ። አራቱን ቡሎኖች አጠበቅኩ፣ ማሽኑን አስነሳሁ፣ እያፏጨሁ ቀዳዳውን አሰፋሁ። ሳፏጭ የምሠራው ሥራ መጨረሻው ጥሩ ሆኖ አያውቅም። እስከ ዛሬ ግን ማፏጨቴን አላቆምኩም።

የምሠራው የኩሺኔታ ቤት ነበር። የቡና መፈልፈያ ማሽን ዘንግ የሚሽከረከርበትን ኩሺኔታ አቅፎ የሚይዝ፣ ከማሽኑ ጎን በአራት ቡሎን የሚታሰር ወፍራም ብረት ነው። ሁለት ናቸው፤ የግራና የቀኝ። የግራውን ባልደረባዬ ትናንት ጨርሳዋለች። የቀኙ የእኔ ድርሻ ነው።

የመፈልፈያው ባለቤት ከመቻራ መጥታ ከትናንት ጀምሮ በራችን ላይ ያለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያንን አንድ ማሽን ይዛ ቤቷን የምታስተዳድር ሴት ናት። አሁን የቡናው ወቅት ነው፤ ማሽኗ ከቆመ ደግሞ አራተኛ ቀኑ ነው። ገበሬው ጆንያውን ግቢዋ ውስጥ ደርድሮ ይጠብቃታል። ግን እስከ ነገ ብቻ ነው የሚጠብቃት። ነገ መፈልፈያው ካልተነሳ ጆንያው አህያ ጀርባ ላይ ተመልሶ ወጥቶ ወደ ሌላ ሰው ግቢ ይሄዳል፤ አንዴ ከሄደ ለዓመቱ ሄደ ማለት ነው። ይዛ የመጣችው ሁለት ጥሬ ብረት ብቻ ነው። ትርፍ የለም። እኔም ይህንን ሁሉ እያወቅኩ ነው የማፏጨው።

ባልደረባዬ ሁለቱን የኩሺኔታ ቤቶች ፊት ለፊት አሰረችና ረጅሙን መፈተኛ ዘንግ በግራው አሳልፋ ወደ ቀኙ ላከችው። ዘንጉ የቀኙን ቀዳዳ አፍ ነካና ቆመ። ገፋ አደረገችው። አሁንም ቆመ።

«ጋሼ፣» አለች ሳትዞር፣ «ይሄ ዘንግ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደ መቻራ ነዋ።»

«በዚህ አካሄዱ ሐረር ነው የሚደርሰው።»

ሰሌዳውን ከማሽኑ ፈታች። ቅጠሏ ከሥሩ ተጣብቃ፣ እንደ ተተኮሰ ሸሚዝ ዝርግ ብላ ተኝታለች። ባልደረባዬ በቅጠሏ ዘንግ አንጠልጥላ ወደ ብርሃን ያዘቻት።

«ይቺ የማን ናት?»

«ንፋስ ይሆናል ያመጣት።»

«ንፋሱ ጫት ያውቃል ማለት ነው። እንዴት ያለች ለጋ መርጧል አቦ!»

አግዳሚው ላይ የተቀመጠችው ሴት አልሳቀችም። ዘንጉን አየችው፣ ቀጥሎ እኔን አየችኝ። ያንን አስተያየቷን አውቀዋለሁ። ከዚህ በፊትም አንድ ጊዜ እንደዚያ አይታኛለች። ስለ ቅጠሏ ከመቀጠሌ በፊት ያንን መናገር አለብኝ፤ አለበለዚያ ስለ አንድ ሰሌዳ ይህን ያህል የምለፈልፍበት ምክንያት አይገባም።

ጭሮ ውስጥ፣ ያኔ ገና አሰበ ተፈሪ በምንላት ጊዜ፣ ቶርኖ ቤት የከፈትኩት እኔ ነኝ ብዬ ብዋሽ የሚያስተባብለኝ ሰው አሁን በሕይወት የለም። እውነቱ ግን ከሌላ ሰው የወረስኩት ቤት ነው። ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ አንድ ቶርኖና አንድ ፍሬዛ አለው። ፍሬዛው ብረት የሚልግ፣ የሚበሳ፣ ቀዳዳ የሚያሰፋ ማሽን ነው፤ ከመተሐራ ወዲህ እንዲህ የሚሠራ የለም እያልኩ ስኩራራበት ኖሬያለሁ። ትልቁ ኩራቴ ግን ማሽኑ አልነበረም። ዜሮ ፍለጋዬ ነበር።

ዜሮ ማለት መነሻ ነው። ብረቱን ማሽኑ ላይ ስታስሩ ማሽኑ ብረቱ የት እንዳለ አያውቅም። ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ ዘመም ይበል፣ መሐሉ የት ይሁን፣ ሠሪው ነው ፈልጎ የሚነግረው። ባለ መርፌዋን መለኪያ ብረቱ ላይ ታስደግፋላችሁ፤ መርፌዋ ትወዛወዛለች። በመዳብ መዶሻ ኮርኮም ታደርጋላችሁ፤ በወዲያኛው በኩል ትወዛወዛለች። እንደገና ኮርኮም። እንዲህ እያላችሁ ግማሽ ቀን ይሄዳል። መርፌዋ ዝም ስትል የማሽኑን እጀታ ቁጥር ዜሮ ላይ ታደርጉና ሥራው ያኔ ይጀመራል። ሥራው ራሱ አንዳንዴ የሩብ ሰዓት ነው።

እኔ ይህንን ፍለጋ ትዕይንት አድርጌው ነበር። ትንፋሼን እይዛለሁ፣ አንድ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ በእጄ «ዝም በሉ» እላለሁ። ሰዎች ሻያቸውን ትተው መጥተው በር ላይ ቆመው ያዩኛል። «ሽማግሌው ከብረቱ ጋር እያወራ ነው» ይላሉ። እኔም እሰማለሁ፤ ደስ ይለኛል፤ አንድ ሁለት ጊዜ ትርፍ ኮርኮም አደርጋለሁ። ስንት ሰው ስንት ግማሽ ቀን በእኔ ትዕይንት እንደባከነበት ሳስበው አሁን ያሳፍረኛል። ያኔ ግን የጥበቤ መለኪያ ይመስለኝ ነበር።

ደግሞ የጫት መኪና አለ። በእኛ አገር የጫት መኪና ወረፋ አይጠብቅም። ከሂርና ቅጠል ጭኖ የሚመጣ አይሱዙ መንገድ ላይ ከተሰበረ ሁሉም ሥራ ይቆምለታል። ባለ ወፍጮውም፣ ባለ ባጃጁም፣ ባለ ቡናውም ዞር ይልለታል። ሕግ አይደለም፤ ማንም አልጻፈውም። ቅጠሉ እየጠወለገ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ብዙው ሰው ደግሞ ወይ ዘመዱ ጫት ንግድ ውስጥ አለ፣ ወይ ራሱ ከሰዓት በኋላ ያንኑ ቅጠል ይጠብቃል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህችው የመቻራ ሴት ልክ እንደዛሬው ማሽኗ ተሰብሮ መጣች። እኔም ልክ እንደ ልማዴ ጠዋቱን ሙሉ ዜሮ ፈልጌ፣ ተመልካች ሰብስቤ፣ ከአራቱ የቡሎን ቀዳዳዎች ሁለቱን በሳሁ። አይሱዙው ያኔ ክላክሱን እየነፋ መጣ። የውሃ ፓምፑ መያዣ ተሰንጥቋል። ሴትዮዋን አየኋት።

«ይሂድ፣» አለች። «ቅጠል ነው እኮ። የኔ ቡና ደረቅ ነው፤ አይሞትም።»

ሥራዋን ፈትቼ አወረድኩ። የሾፌሩን ሠራሁ፤ ሄደ። የእሷን መልሼ ሰቀልኩና ያንኑ ዜሮ መፈለግ ጀመርኩ። አንዴ የወረደ ብረት ወደ ነበረበት ልክ መመለስ ምን እንደሆነ የሚያውቀው የሠራ ብቻ ነው። መርፌዋ አልረጋም አለች። ኮረኮምኩ፣ ኮረኮምኩ። ፀሐይ አዘቀዘቀች፣ የመቻራ መኪና መሄጃው ደረሰ፣ ሴትዮዋ ፌስታሏን ይዛ ቆመች። መርፌዋ ገና ትንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ግን «ቆመች» አልኩ።

መፈልፈያው ሦስት ቀን ሠርቶ ኩሺኔታውን በላ። ገበሬው ጆንያውን ጫነ፤ ዓመቷ ሄደ። ተመልሳ ስትመጣ ስድብ ጠብቄ ነበር። ተዘጋጅቼም ነበር፤ ብረቱን፣ ኩሺኔታውን፣ የመቻራን መንገድ የምከስበት ረጅም ንግግር ነበረኝ። እሷ ግን የተሰበረውን ብረት በጨርቅ ጠቅልላ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች፤ እሱን አየች፣ ቀጥሎ እኔን አየችኝና እንዲህ አለች፦

«ኦቦ፣ አንተ አልተሳሳትክም። ብረቱ ነው የተሳሳተው።»

በኦሮምኛ ኦቦ ለወንድ የክብር መጠሪያ ነው። አማርኛዋ ላይ አንተና እርስዎ ስለማይለዩ አንተ ትለኛለች፤ ኦቦ ግን አትረሳም። ያን ቀን ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህንን ሁሉ ባልደረባዬ ቆማ አይታለች። ያኔ ገና መምጣቷ ነበር። ድሬዳዋ ፋብሪካ ውስጥ ለዓመታት ፍሬዛ ላይ የሠራች፣ ባሏ ወደ ጭሮ ሲዛወር አብራ የመጣች፣ የሦስት ልጆች እናት ናት። ስትቀጠር «ለሙከራ ነው» ብያት ነበር። ማን ማንን እየሞከረ እንደነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

«ጋሼ፣ እኛ ፋብሪካ ዜሮ አንፈልግም ነበር፣» አለችኝ ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ።

«በግምት ነበር የምትሠሩት?»

«አይደለም። አንዴ ፈልገን አስረን አስቀመጥነው። ዜሮ ፖይንት ይሉታል። ማሽኑ ላይ አንድ ወፍራም ሰሌዳ ታስሮ ይቀራል፤ አይነሳም። ሥራው የሚታሰረው ሌላ ሰሌዳ ላይ ነው፤ የላይኛው የታችኛው ላይ በፒን ቁጭ ይላል። ሲያነሱት ይነሳል፣ ሲመልሱት እዚያው፣ ፀጉር ታህል ሳይዛነፍ። የጫት መኪና ቢመጣ የሴትዮዋን ሥራ ከነሰሌዳው አንስቶ ጥግ ማስቀመጥ ነው።»

ሳቅኩባት። ዋናውን ምክንያቴን አልነገርኳትም። ዜሮ ካልተፈለገ በር ላይ ቆሞ የሚያየኝ ሰው አይኖርም፤ የፈራሁት እሱን ነው። «ይሄ የፋብሪካ ቅንጦት ነው፣» አልኳት። እሷ ግን ሴትዮዋ የተወችውን የተሰበረ ብረት አንስታ ከፊት ለፊቴ፣ ሻይ የማስቀምጥበት ቦታ ላይ አስቀመጠችው። ለሳምንት ሻዬን በእጄ ይዤ ጠጣሁ። በስምንተኛው ቀን «እሺ፣ እንሥራው» አልኩ።

ብረቱን ከተጣለ የመንገድ ሥራ ማሽን ላይ ቆረጥን። የታችኛዋን እናቲቱ አልናት፤ የላይኞቹን ልጆቹ። እናቲቱ ማሽኑ ላይ ትቀመጣለች፤ ልጆቹ ሥራቸውን ተሸክመው ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፣ ተመልሰው እሷው ላይ ይቀመጣሉ። ከላይኞቹ ሥር አራት አራት ፒን አለ፤ እናቲቱ ላይ አራት ቀዳዳ።

እዚህ ላይ እኔ ድርቅ አልኩ። «አራቱም ፒን በልኩ ጥብቅ ብሎ ይግባ» አልኩ። ባልደረባዬ «ጋሼ ተዉ፣ አይሆንም» ብላ ለመነችኝ። የጥንት ባለሙያ ነኝ አይደል? ሠራሁት። በመዶሻ ገባ። ደስ አለኝ። ከዚያ አልወጣም አለ። ልጅ እናቱን አልለቅም አለ። ናፍጣ አፈሰስንበት፣ በውስጥ በኩል ደበደብነው፣ በጃክ ገፋነው። ሁለት ቀን ሙሉ ፍሬዛው ሁለት የተቃቀፉ ብረቶች ተሸክሞ ቆመ፤ ደንበኛ ሲመጣ «እያረፈ ነው» እላለሁ። በሦስተኛው ቀን ፈነቀልነው፤ ሁለቱ ፒኖች ተጣመው ወጡ።

«አሁን ልናገር?» አለችኝ።

«ተናገሪ።»

«ቦታ የሚወስነው አንድ ፒን ብቻ ነው፤ እሱ ጥብቅ ይሁን። ሁለተኛው ሰሌዳው እንዳይዞር ብቻ ይከልክል፤ ጎንና ጎኑን እንሞርደው። የቀሩት ሁለቱ ወደ ታች መጎተት ብቻ ነው ሥራቸው፤ ልቅ ይሁኑ። አራቱም እኔ ልወስን ካሉ ይኸው እንዳዩት ነው።»

ቤቴ ሄጄ አሰብኩበት። በእኛም ቤት ቦታ የምትወስነው ሚስቴ ብቻ ናት፤ እኔ ከጎታቾቹ ነኝ። አርባ ዓመት በሰላም የኖርነው ለካ በዚህ ነው።

ሌላም ነገር አደረገች። አንዱን ፒን ከመስመሩ ትንሽ ገፋ አድርጋ ተከለችው፤ ሰሌዳው በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲገባ።

«ይሄ ለምንድን ነው?»

«ጅል ገልብጦ እንዳይጭነው።»

«እዚህ ቤት ጅል ማነው?»

ቀና ብላ አየችኝና መሞረዷን ቀጠለች። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ጊዜ ገልብጬ ልጭነው ሞከርኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ እምቢ አለኝ። ሦስቱንም ጊዜ ዞር ብዬ ያየኝ ሰው አለመኖሩን አረጋገጥኩ።

የመጀመሪያውን ፈተና ያደረግነው የመቻራዋ ሴት አዲስ ብረት ይዛ በመጣች ቀን ነው። አግዳሚዋ ላይ ተቀምጣለች። ባልደረባዬ ሰሌዳዎቹ የሚገናኙበትን ፊት እየዳሰሰች «ንጹሕ ጨርቅ» አለች። ቶርኖ ቤት ውስጥ ንጹሕ ጨርቅ ማለት ዓሣ ቤት ውስጥ ዝሆን ማለት ነው። ያለን ጨርቅ ሁሉ ብረት ብናኝ የጠጣ ነው፤ አንዲት ብናኝ ከገባች ዜሮው ውሸት ይሆናል። እኔ ሸሚዜን ላወልቅ ስታገል ሴትዮዋ ተነሳች። ከትከሻዋ ላይ የጣለችውን ሻርፕ ጫፉን በጥርሷ ነክሳ ሸረከተችው፤ ወደ አንድ ክንድ የሚሆን ቀድዳ ሰጠችን።

«አዴ፣ ምን አደረግሽ!» አልኳት። በእነሱ አነጋገር ለሴት የክብር መጠሪያ ነው። «አዲስ ሻርፕ እኮ ነው!»

«ብረቱ ከዛሬ ጀምሮ እንዳይሳሳት ነው፣» አለች። «ሻርፑን አንተ ትተካለህ።»

«በሚቀጥለው ስትመጪ፣» አልኩ።

ጠረግን፣ ሰሌዳውን ጫንን፣ አራቱን ቡሎኖች አጠበቅን፣ መርፌዋን አስደገፍን፣ ዜሮ። ከዚያ ፈታነው። ሰሌዳውን አቅፌ ቤቱን አዞርኩት። አላመንኩም፤ ደጅ አውጥቼ አግዳሚው ላይ ከሴትዮዋ ጎን አስቀምጬው ተመለስኩ። መልሼ አመጣሁት። ጠረግን፣ ጫንን፣ አጠበቅን። መርፌዋ ትንፍሽ አላለችም። እዚያው፣ ዜሮው ላይ፣ ቀጥ ብላ ቆማለች። ፈታሁት። ጫንኩት። ፈታሁት። ጫንኩት። ሰባት ጊዜ።

«ጋሼ፣ ይበቃዎታል፤ ይደክምዎታል፣» አለች ባልደረባዬ።

«ዓይኔ ውስጥ ብናኝ ገብቶ ነው፣» አልኩ። ማሽኑ ጠፍቶ ነበር፤ ብናኝ የለም። ሁለቱም ሴቶች ግን ይሁን ብለው አለፉኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስፈልገው የኖርኩት ነገር፣ አንዴ አግኝተው ካሰሩት፣ ከዚያ ወዲያ አይጠፋም ነበር። ይህንን ያሳየችኝ ለሙከራ የቀጠርኳት ሴት ናት።

በር ላይ ቆሞ የሚያየኝ ሰው እርግጥ ነው ቀረ። ደንበኛው ግን ቶሎ ስለሚሄድ ሌላው ይመጣል። አሁን ትዕይንት የማሳየው ስለ ራሴ በማወራው ነው።

ወደ ዛሬ ልመለስ። ያጣመምኩት ብረት ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ሴትዮዋ እያየችኝ ነው። የዛን ጊዜውን ረጅም ንግግር አሁን ፈልጌ አላገኘሁትም። ቅጠሏን ተቀብዬ አሳየኋትና «አዴ፣ ብረቱ አልተሳሳተም። እኔ ነኝ» አልኩ።

«ታዲያ ይድናል?»

እኔ ሳልሆን ባልደረባዬ መለሰች። «ይድናል ኢንሻአላህ። ጠማማውን ቀዳዳ ቀጥ አድርገን እናሰፋዋለን፤ ውስጡ የብረት ቀለበት ጨምቀን እናስገባለን፤ ቀለበቱን ደግሞ በኩሺኔታው ልክ እንከፍተዋለን። ጋሼ ቀለበቱን ቶርኖ ላይ ይሠራሉ፤ ፍሬዛው የእኔ ነው።»

ቱታዬን እንዳወልቅ አዘዘችኝ፤ ኪሴን ገልብጣ አራግፋ ቀንበጧን ከበሩ ወዲያ አስቀመጠቻት። እኔ ወደ ቶርኖዬ ሄድኩ። ሳላፏጭ ሠራሁ። ቀለበቷ ልኳ ወጣ፤ ለራሴ ላለመመስከር ነው እንጂ ቆንጆ ነበረች። እሷ ቀዳዳውን አሰፋች፤ ሁለታችን ቀለበቷን ጨምቀን አስገባን። የቀረው የመጨረሻው ልክ ነው። ያኔ ክላክስ ሰማን።

አይሱዙ ነው፣ ከሂርና ጫት የጫነ። የሞተር መያዣው ቀዳዳ ተበልቶ ቡሎኑ ይጫወታል። ሾፌሩ ከበሩ ሳይገባ ይጮሃል፦

«አባባ! ድረስልኝ! ቅጠሉ አለቀ፣ ዋላሂ የሚጣል ገራባ ሆነ!»

ሴትዮዋ ከአግዳሚው ተነሳች። የመቻራ መኪና መሄጃው እየተቃረበ ነው። በዚያ አስተያየቷ እንደገና አየችኝ፤ ግን አሁንም፣ አሁንም እኮ፣ «ይሂድ» አለች። በዚህ ልማድ ስንት የተጎዳች ሴት ናት ይህንን የምትለው።

ባልደረባዬ አራት ቡሎን ፈታች። የሴትዮዋን ሥራ ከነሰሌዳው አነሳሁና ጥግ አስቀመጥኩት፤ የሻርፑን ቁራጭ፣ ያንን የሕጉን ጨርቅ፣ አለበስኩት። የሾፌሩ ብረት በሌላኛው ልጅ ላይ ታሰረ። እናቲቱ ተጠረገች፣ ተጫነ፣ ቀዳዳው ለወፍራም ቡሎን ሰፋ፣ ወረደ። ሾፌሩ ማዶ ያዘዘው ሻይ ገና አልቀዘቀዘም።

«አለቀ?» አለ። «አባባ፣ ያ ከብረት ጋር የሚያወራው ሽማግሌስ?»

«ሞተ፣» አልኩት። «እኔ ወንድሙ ነኝ።»

ሻርፑን አነሳሁ። አሁን መነጽሬን ዓይኔ ላይ አደረግኩ። እናቲቱን ጠረግኩ፤ አራቱን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ጣቴን ጠቅልዬ ጠረግኩ። የልጁን ሥር ጠረግኩ። ባልደረባዬ እጇን አጣምራ ታየኛለች። ጫንን፣ አጠበቅን። መርፌዋን አስደገፈች።

ዜሮ።

ቀለበቱን በልኩ ከፈተችው። መፈተኛው ዘንግ በግራው ገባ፣ በቀኙ ወጣ። ሴትዮዋ ራሷ መጥታ በአንድ ጣቷ ነካችው፤ ዞረ፣ ዞረ፣ በራሱ ጊዜ ቆመ።

«ወደ መቻራ፣» አለች ባልደረባዬ።

«ገላቶማ፣» አለች ሴትዮዋ። አመሰግናለሁ ማለቷ ነው። ለባልደረባዬ ይሁን ለሁለታችን አልለየሁም፤ ለሁለታችን ነው ብዬ ወሰድኩት። ብረቶቿን ባጃጅ ላይ ጭነን ወደ መናኸሪያ ስትነሳ አንገቷን አወጣች።

«ኦቦ! ሻርፑስ?»

«በሚቀጥለው!» ብዬ ጮህኩ። ባጃጁ ጥግ ዞረ።

እስከዚህ ጽፌ ነው ትናንት ደብተሬን የከደንኩት። ዛሬ ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ። አነሳሁ፤ «አሎ» አልኩ፤ የሚመልስ ሰው የለም። ጉርምርምታ ብቻ ነው የምሰማው። መስመሩ መጥፎ ነው ብዬ ልዘጋው ስል ባልደረባዬ ጆሮዋን አስጠጋችና ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ጋሼ፣ መፈልፈያው እኮ ነው!»

ሴትዮዋ ሰላምታ ትታ ስልኩን ማሽኑ ጎን ይዛዋለች። ሰማነው። የተበላ ኩሺኔታ ድምፅ አውቃለሁ፤ ይኮረኩራል፣ ያቃስታል። ይሄኛው ለስላሳ ነበር። ከጀርባው ሰዎች ይጯጯሃሉ፤ ጆንያ የሚያወርዱ እንጂ የሚጭኑ አይመስሉም። ፍሬዛው ቆሞ፣ ቶርኖው ቆሞ፣ ሁለት ሰዎች አንዲት ስልክ ላይ ተደፍተን የሩቅ አገር ቡና ሲፈለፈል አዳመጥን። ዓይኔ ውስጥ ብናኝ ገባ።

«ሰማህ?» አለች በመጨረሻ።

«ሰማሁ አዴ። አልሐምዱሊላህ በይ።»

«አልሐምዱሊላህ። ሻርፑስ?»

አሁን እውነቱን ልናገር። ሻርፑን ያልተካሁት ከንፍገት አይደለም። ቀለሙን ረስቼዋለሁ። ያ ቁራጭ ጨርቅ በእነዚህ ዓመታት ዘይት ጠጥቶ፣ ናፍጣ ጠጥቶ፣ የድስት ቂጥ መስሏል። ዛሬ ጠዋት አንዱን ጥግ በቤንዚንና በሳሙና አጠብኩት። እኔ ሰማያዊ ነው አልኩ፤ ባልደረባዬ አረንጓዴ ነው አለች። እስካሁን አልተስማማንም። «ለምን አይጠይቋትም?» ትለኛለች። ይህን ያህል ዓመት «በሚቀጥለው» ካልኩ በኋላ ቀለሙን እንዴት ብዬ ልጠይቅ? ስልኩን ይዤ አፌን ከፈትኩ።

«በሚቀጥለው፣» አልኩ።

ባልደረባዬ ቅጠሏን ከሕጉ በታች ግድግዳው ላይ በፕላስተር ለጥፋታለች፤ እሷን አየች፣ ቀጥሎ እኔን። የታጠበው የጨርቁ ጥግ መስኮቱ ላይ እየደረቀ ነው። እስኪደርቅ እየጠበቅኩ ነው፤ ደርቆ ቀለሙ ከለየ ቅዳሜ ገበያ እወጣለሁ። ካልለየም፣ እስከዚያው፣ የአንድ ሻርፕ ባለ ዕዳ ነኝ።